የጉባ መንገድ ከግድቡ በኋላ፦ ለገበሬው ምን ያህል ይሠራል?

(በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ብድርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ መንገድ ግን የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀር ወይም ሾፌር “አልሄድም” ሲል ብቻ ነው። መኪናው ሲወጣ ነገሩም ይረሳል። የዛሬው ንግግር ርዕስ ግን መንገድ ነው። ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒ፣ በግልገል በለስ፣ በማንቡክና በማንኩሽ አድርጎ እስከ ጉባ፣ ከዚያም እስከ ሱዳን ድንበር የሚዘልቀው መስመር ለገበሬው ምን ሠራ? ምንስ ይቀረዋል? የሚለው ጥያቄ ዛሬ መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱን ለዓመታት በከባድ ጭነት ያጨናነቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የግድቡ ጭነት ሲያበቃ መንገዱ የማን መንገድ ይሆናል? ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው።

ዋና መንገድ ሲባል

በኢትዮጵያ የመንገድ አሠራር መንገዶች እንደ አገልግሎታቸው በአምስት ደረጃ ይመደባሉ። የመጀመሪያው አዲስ አበባን ከታላላቅ ማዕከላትና ከአገሪቱ ድንበሮች ጋር የሚያገናኘው ዋና መንገድ ነው። ቀጥሎ ዋና ዋና ከተሞችን እርስ በርስ የሚያያይዘው አገናኝ መንገድ ይመጣል። ከዚያም ዋና መዳረሻ፣ ሰብሳቢ፣ በመጨረሻም ከገበሬው መንደር የሚነሳው መጋቢ መንገድ ይከተላሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ብዙውን ጊዜ በቀን 1,000 እና ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ ያስተናግዳል ተብሎ ይታሰባል።

የጉባው መስመር በመዝገብ ላይ የያዘው ደረጃ ምንም ይሁን ምን፣ በሥራው የዋና መንገድ ሸክም የተሸከመ ነው። ከመሀል አገር እስከ ድንበር ይደርሳል፣ የአገሪቱን ትልቁን የልማት ሥራ አገልግሏል፣ የመተከልንም ምርት ወደ ገበያ ያወጣል። ነገር ግን ዋና መንገድ ብቻውን ግንድ ነው። ቅርንጫፍ የሌለው ግንድ ፍሬ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ መጋቢ መንገድ የሌለው ዋና መንገድም ከገበሬው ማሳ ላይ አንድ ኩንታል አያነሳም።

ከግመል ጉዞ እስከ ከባድ ተሽከርካሪ

ይህ አካባቢ መንገድ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ቀድሞ ያየ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ወደ አገራቸው የገቡት በሱዳን ድንበር በኦሜድላ በኩል ነበር። ከእርሳቸው ጋር የገባውና ጌዴዎን ኃይል የተባለው ጦር፣ በሜጀር ኦርድ ዊንጌት መሪነት ቆላውን አቋርጦ ወደ በላያ ተራራ ሲጓዝ ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። የጭነት መኪኖች በሸለቆውና በዓለቱ እየተያዙ ብዙ መራመድ አልቻሉም። በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎችም በዚያ ጉዞ አልቀዋል። የዘመቻው ድል በታሪክ ሲነገር ይኖራል፤ መንገድ አልባው ቆላ ያስከፈለው ዋጋ ግን እምብዛም አይነሳም።

ከዚያ በኋላም መተከል ለረጅም ጊዜ በእግርና በአህያ የሚኖር አገር ሆኖ ቆይቷል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅን ተከትሎ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ከተለያዩ ክፍላተ ሀገር ወደ ፓዌ መጥተው ሲሰፍሩ፣ በጣሊያን መንግሥት ዕርዳታ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ለአካባቢው መንገድና ሌሎች ተቋማት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ያ ሰፈራ በጉሙዝ ሕዝብ ይዞታ ላይ የተካሄደ በመሆኑ ብዙዎችን ከቀያቸው ገፍቷል። መንገድ ሲመጣ መሬትን የሚቀማ እንጂ ገበያን የሚከፍት መስሎ እንዳይታይ፣ ይህ ታሪክ መዘንጋት የለበትም።

በአገር አቀፍ ደረጃ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የኢትዮጵያ ጠቅላላ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪ.ሜ. ነበር። በ2002 ዓ.ም. ወደ 48,800 ኪ.ሜ. ገደማ አድጓል። የመተከል መንገዶችም ከዚህ ዕድገት ድርሻቸውን አግኝተዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። 145 ሜትር ከፍታ ላለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለሚይዘው ግድብ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ነዳጅና ማሽን ሁሉ በመኪና መግባት ነበረበት። በጅቡቲ ወደብ የተራገፈ ዕቃ በአዲስ አበባ በኩል ጉባ እስኪደርስ ከ1,500 ኪ.ሜ. በላይ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ላይ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ አለ። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይም በዚያው ይገኛል። ለዘመናት የአገር ዳር ተብሎ የኖረው ጉባ በዚህ ሁኔታ የአገር ዓይን ሆነ።

መንገዱ ምን ሠራ?

የመጀመሪያውና ትልቁ ሥራው ግድቡ ራሱ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ ያ ተርባይን የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ክልሉን ከራሱ ጋር ማገናኘቱ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል። መተከል ከወንዙ በስተሰሜን፣ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ደግሞ በስተደቡብ ይገኛል። ቀድሞ አንድ የግልገል በለስ ሰው ለጉዳዩ አሶሳ መሄድ ሲፈልግ፣ ወደ እንጅባራና ቡሬ ወጥቶ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ ዞሮ ሰባት መቶ ኪ.ሜ. ገደማ መጓዝ ነበረበት። ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ ለመድረስ በሁለት ሌሎች ክልሎች ያልፋል ማለት ነው። በግድቡ አካባቢ ወንዙን መሻገር ሲቻል የክልሉ ሁለት ጎኖች በጉባ በኩል ተገናኙ። ይህ ለገበሬ ኅብረት ሥራ ቀላል ነገር አይደለም። ዘር፣ ባለሙያ፣ የክልል ቢሮ ውሳኔና የገበያ መረጃ የሚመጣው ከአሶሳ ነውና።

ሦስተኛው ሥራው አማራጭ መሆኑ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በኩል ወደ አሶሳ የሚወስደው መስመር በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የጎጃሙ መስመር በተራው በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ሁለት መውጫ ያለው አገር አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይተነፍሳል። በጉባ በኩል ያለው መገናኛ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው በታፈኑ ነበር።

አራተኛው የገበሬው ሥራ ነው፤ መለካት ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

መንገድ በምን ይለካል?

በሪፖርት ላይ መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው። ገበሬው ግን ኪሎ ሜትር አይሸጥም። ለእርሱ መንገድ የሚለካው በአራት ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ በዓመት ስንት ቀን ያሳልፋል? የመተከል ቆላ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ብዙው አፈር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል። ማዳበሪያና ዘር ከሰኔ በፊት መግባት አለባቸው። ሰሊጥ የሚሰበሰበው ደግሞ የዝናቡ ጭቃ በደንብ ሳይደርቅ ነው። ስለዚህ መንገዱ በጥር እና በየካቲት ቢያምር ገበሬውን ብዙም አይጠቅመውም። የሚፈለገው በግንቦት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ማሳለፉ ነው።

ሁለተኛ፣ የአንድ ኩንታል ማጓጓዣ ስንት ነው? የሰሊጥና የአኩሪ አተር ዋጋ የሚቆረጠው በማንኩሽ ወይም በማንቡክ ሳይሆን በማዕከላዊው ገበያና በውጭ አገር ገበያ ነው። ነጋዴው ከዚያ ዋጋ ላይ የማጓጓዣውን ቀንሶ የቀረውን ለገበሬው ይሰጣል። ማዳበሪያ ሲመጣ ደግሞ የማጓጓዣው ወጪ በዋጋው ላይ ይጨመራል። በመሆኑም ገበሬው የመጥፎ መንገድን ዕዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፦ ሲሸጥ ይቀነስበታል፣ ሲገዛ ይጨመርበታል። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ኩንታል ማጓጓዣ በ100 ብር ቢቀንስና ቅናሹ በሙሉ ለገበሬው ቢደርስ፣ በዓመት 20 ኩንታል የሚሸጥና 4 ኩንታል ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ አንድም ተጨማሪ ጥማድ ሳያርስ 2,400 ብር ያገኛል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የልጅ ደብተርና ጫማ ነው።

ሦስተኛ፣ ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ርቀት ምን ይመስላል? በጉባና በዳንጉር የጉሙዝ እናቶች ዘንግ በትከሻቸው አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፎች ሸክም አንጠልጥለው በእግር ረጅም መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። ከፊታቸው አስፋልት ቢኖርም ያ ሸክም እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር ተደራሽ መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የታለመ ነበር። ሆኖም የጠጠር መንገድ ያለ ውኃ መውረጃና ያለ ጥገና ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆይም።

አራተኛ፣ መንገደኛው በሰላም ይደርሳል? ይህ ለብቻው መታየት ያለበት ነው።

መንገድ ሲዘጋ

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በደባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። በታኅሣሥ ወር በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቦታ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተጨፈጨፉ። በጥር ወር ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። በዚያ ጊዜ መንገዱ ነበረ፤ ድልድዩም ነበረ። ይሁን እንጂ ያለ አጀብ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ማሳ ላይ የደረሰ እህል ሳይታጨድ የቀረበት፣ ታጭዶም የሚጭነው የጠፋበት ገበሬ ብዙ ነበር። ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ፣ በአንድ ገበያ ይገበያዩ የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተፈራሩ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል። ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አስፋልት ሰላምን አያመጣም፤ ሰላም ግን አስፋልቱን መንገድ ያደርገዋል። በአንድ ሚዛን የሚመዝኑ፣ በአንድ መጋዘን የሚያስቀምጡና የትርፍ ክፍፍላቸውን በአንድ ጉባኤ የሚሰሙ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የአማራና የኦሮሞ ገበሬዎች ባሉበት ቦታ መንገዱን የሚጠብቀው ወታደር ብቻ አይሆንም። በዚህ ረገድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የንግድ ድርጅት ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ዋስትና ነው።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ሁኔታም መታየት አለበት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ በኩል የነበረው የንግድ ተስፋ ደብዝዟል። ስለዚህ ለመተከል ገበሬ የወደ ምሥራቁ መውጫ ጉዳይ ከቀድሞውም የበለጠ ሕይወቱ ሆኗል።

ከሥራ በኋላ የሚመጣ አደጋ

ግድቡ ሲሠራ መንገዱ ብዙ ጠያቂ ነበረው። አንድ ጎርፍ ቢቆርጠው በማግሥቱ የሚጠግነው ይመጣ ነበር፤ ሲሚንቶው መቆም አይችልምና። አሁን የሚያሰጋው ጠያቂ ማጣቱ ነው። መንገድ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቦዩ በአፈር ይደፈናል። ውኃው መውረጃ ሲያጣ በጠርዙ ይሰርጋል። ቀጥሎ አስፋልቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያ ስንጥቅ ውኃ ወደ መሠረቱ ይወርዳል፣ ከባድ መኪናም ሲያልፍበት ይሰምጣል። ቦይ መጥረግ የአካፋና የዶማ ሥራ ነው፤ መሠረት ማደስ ግን የሚሊዮኖች ሥራ ነው።

ሌላው ጠላት ከመጠን ያለፈ ጭነት ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተካሄደ ታዋቂ የመንገድ ሙከራ፣ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ ልክ ሳይሆን በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ እንደሚያድግ ታውቋል። በቀላል አነጋገር፣ በአክስል ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ ጭነት የጫነ መኪና ጉዳቱን ወደ ዕጥፍ ያደርሰዋል፤ ዕጥፍ የጫነ ደግሞ 16 ጊዜ ያህል ይጎዳል። “ትንሽ ብትጨምርበት ምናለበት?” የሚለው ንግግር ዞሮ ዞሮ በገበሬው ኪስ ላይ የሚወድቅ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ በዋናነት የሚያገኘው ነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ነው። ያ ክፍያ በማጓጓዣ ዋጋ ውስጥ ስላለ ገበሬውም ይከፍለዋል። ስለዚህ ገበሬው ስለ ጥገና ሲጠይቅ የሚጠይቀው ችሮታ ሳይሆን የከፈለበትን አገልግሎት ነው።

ከዩኒየኑ ምን ይጠበቃል?

ክቡራን አባላት፣

አስፋልት ማንጠፍ የመንግሥት ሥራ ነው። ዩኒየኑ ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። በአቅሙ ልክ የሚሠራቸው አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ምርትን ማሰባሰብ ነው። አንድ አይሱዙ ሃምሳ ኩንታል ያህል ይጭናል፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ደግሞ 400 ኩንታል ያህል። ማኅበራት በየፊናቸው ስምንት አይሱዙ ከሚከራዩ፣ መጋቢ መንገድ ከዋናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ መጋዘን ኖሯቸው፣ ምርቱን አበጥረውና መዝነው በአንድ ተሳቢ ቢያወጡት የማጓጓዣው ዋጋ ይወርዳል፣ የመደራደር አቅማቸውም ያድጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በጭነት ላይም ይሠራል።

ሁለተኛው ባዶ መኪና እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ሰሊጥና አኩሪ አተር ይዞ የወጣ መኪና ሲመለስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና የእርሻ መሣሪያ ሊጭን ይገባል። ባዶ የሚመለስ መኪና የመልሱን ሒሳብ በመሄጃው ላይ ይጭነዋል። ለዚህም የመጋዘን ኃላፊውና የሸማቾች ሱቅ ኃላፊው የጭነት ቀናቸውን አስቀድመው መነጋገር አለባቸው።

ሦስተኛው ከመጠን በላይ ላለመጫን መወሰን ነው። የዩኒየኑ ውል ላይ “በሕግ ከተፈቀደው የአክስል ክብደት በላይ የጫነ መኪና ክፍያ አያገኝም” የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ መንገዱን ከብዙ ጉዳት ያድነዋል።

አራተኛው መመዝገብ ነው። መንገዱ በየትኛው ቀን ተዘጋ? በየት ቦታ ተቆረጠ? ስንት ቀን ቆየ? የኩንታል ማጓጓዣ በዚያ ሳምንት ስንት ነበር? ይህን እያንዳንዱ ማኅበር በአንድ ደብተር ቢይዝ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒየኑ ወደ ወረዳ፣ ወደ አሶሳም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞ የሚቀርበው አቤቱታ ብቻ ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል። “መንገዱ መጥፎ ነው” የሚል ሰው ይሰማና ይሸኛል። “በዚህ ቦታ ያለው ቱቦ ባለመጠረጉ መንገዱ በግንቦት ይህን ያህል ቀን ተዘግቶ ማዳበሪያችን ዘግይቷል” የሚል ሰው ግን መልስ ይሰጠዋል።

አዲስ ዕድልም አለ። ንጋት የተባለው የግድቡ ሐይቅ ዓሣ ይዟል። ዓሣ እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። ቆላው ሙቀት ውስጥ በሰዓታት ይበላሻል። ስለዚህ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሚቋቋም ከሆነ የመጀመሪያ ጥያቄው በረዶና መንገድ ይሆናል። ከቆላው የሚገኘው እጣንና ሙጫ፣ ማርና ቀርከሃም እንዲሁ ሰብሳቢና ጫኝ ይፈልጋሉ።

የመጨረሻው ቃል

ግድቡ ከጉባ ኃይል ወደ አገሪቱ ይልካል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ፣ ጭቃ ሳይዘው፣ በቅጽበት አዲስ አበባ ይደርሳል። የጉባ ገበሬ ሰሊጥ ግን አሁንም በጎማ ነው የሚሄደው። አገሪቱ ከጉባ ብርሃን ስትወስድ ጉባ በምላሹ የሚጠይቀው፣ ለግድቡ የተሠራው መንገድ ለገበሬው እንዲቆይለት ነው።

የጉሙዝ እናት በትከሻዋ የምታጋድመው ዘንግ የሚያስተምረው ነገር አለ። ሸክሙ በሁለቱም ጫፍ ሲመዛዘን ረጅም መንገድ ያስኬዳል። በአንዱ ጫፍ ብቻ ከሆነ ግን ትከሻን ይልጣል። መንገድም እንዲሁ ነው። ወደ ጉባ የሚገባውና ከጉባ የሚወጣው፣ የመንግሥት ድርሻና የገበሬው ድርሻ፣ አስፋልቱና ሰላሙ ሲመዛዘኑ ሩቅ ያደርሳል። በሚመጣው የምሥረታ በዓል ላይ የእያንዳንዱ ማኅበር ሊቀ መንበር ያንን ደብተር ይዞ ቢመጣና “ዘንድሮ መንገዱ ይህን ያህል ቀን አሳለፈን” ብሎ ቢናገር፣ የዚህ ንግግር ዓላማ ተሳክቷል ማለት ነው።

በዓሉ የሰላም፣ መኸሩም የጥጋብ ይሁን!